የእኔን ዕቃ የጣሉት እትዬ አጸደ

እትዬ አጸደ በተፈተኑበት ዕለት በደጃፋቸው የነበርነውን አንድም ሰው ሳልዘል ልጻፍ። እትዬ አጸደ ራሳቸው ሰሌን ላይ ተቀምጠው ነበር። ፊት ለፊታቸው በርጩማ ላይ ከጤና ጣቢያ የመጣችው ሲስተር ውድነሽ ነበረች። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተፈራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። በወዲያኛው ጎን የምትኖረው ጎረቤታችን ዘነቡ ነጠላዋን አጣፍታ መጥታ ነበር፤ የጠራት ሰው ግን የለም። እኔም ነበርኩ። ትንሿ ልጄ በጀርባዬ ታዝላ ተኝታ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም።

ጓድ ተፈራ ከሞተ ቆይቷል። ሲስተር ውድነሽ ወደ አገሯ ተዛውራ እዚያው ጡረታ ወጥታለች። ዘነቡ ዛሬም ጎረቤቴ ናት። ልጄ አድጋ ወልዳለች። ከእነዚያ ሁሉ በሕይወት ይኑሩ ይሙቱ የማላውቀው እትዬ አጸደን ብቻ ነው።

እትዬ አጸደ የአንኮበር ሰው ነበሩ። ደብረ ብርሃን የመጡት በንጉሡ ጊዜ ነው። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ባና ለሚባለው የሱፍ ብርድ ልብስ ሠሪዎች ያስረክቡ ነበር። ረጅም ነበሩ፤ ሲሄዱ ግን መሬት መሬቱን ስለሚያዩ አጭር ይመስሉ ነበር። መሬት የሚያዩት የወደቀ ነገር ስለሚፈልጉ ነው። ከገበያ ሲመለሱ እጃቸው ባዶ ሆኖ አይቼ አላውቅም። የጠርሙስ ክዳን፣ የጫማ ሶል፣ የገመድ ቁራጭ፣ ባለቤት የሌለው ቁልፍ ይዘው ይመጣሉ። ያገኙትን ዕቃ ወደ ቤት ከማስገባታቸው በፊት ደጃፉ ላይ ቆመው በጥፍራቸው ሁለቴ መታ መታ ያደርጉታል። አንድ ቀን ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ «ሰው ቤት ሲገባ አንኳኩቶ አይደል የሚገባው?» አሉኝ።

ሁለታችንም የምንኖረው በቀበሌ ቤት ነበር፤ የሚለየን አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። የእሳቸው በር ግማሹ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ከዚያ ወዲያ በጣሳና በጆንያ መሀል ፍየል ብቻ የምታሳልፍ መንገድ ነበረች። አልጋቸው በዕቃ ከተሞላ ብዙ ዘመኑ ነው። እሳቸው የሚተኙት ምድጃው አጠገብ ቁጭ እንዳሉ፣ ጀርባቸውን ለአንድ የጨርቅ ክምር ሰጥተው ነበር።

«እትዬ፣ ይቺን የተሰነጠቀች ቅል እንኳ ምን ያደርጓታል?» እላቸዋለሁ።

«ምን አደረገችሽ?»

«እኔንማ ምንም።»

«እንግዲያ ተያታ።»

አንዳንዴ ጠንከር ብዬ «ኧረ የሚጣለውስ ይጣል እትዬ» ስላቸው ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። «የሚጣል ዕቃ የለም፤ የሚጥል ሰው ነው ያለው» ይሉኛል። ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ዕቃዎቹ እንዳይሰሙ ነበር።

ስስታም ነበሩ እንዳይባልብኝ እፈራለሁ። ያገኙትን ቂጣ ከልጆቼ ጋር ሳይካፈሉ ቀምሰው አያውቁም። ባዶ ጣሳ ስጡኝ ያላቸው ሰው ግን ጥርሳቸውን የጠየቃቸው ያህል ነበር።

በዚያን ጊዜ ከጤና ጣቢያ የሚጠጣ መድኃኒት ለመቀበል ብልቃጥ ከቤት ይዞ መሄድ ግድ ነበር። ብልቃጥ ደግሞ አይገኝም። ትልቋ ልጄ አስቴር ሳል ጠንቶባት ስጨነቅ ወደ እሳቸው ሄድኩ።  ከዚያ በጠባቧ መንገድ ገብተው ብዙ ቆይተው ሲወጡ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ ይዘዋል።

«ለሳል ይቺ ናት የምትሆነው። አንገቷ ጠበብ ያለ ነው፤ አይፈስብሽም። ግን ታመጫታለሽ።»

«አመጣታለሁ እትዬ።»

በማግስቱ ማለዳ መጥተው ከደጅ ቆሙ። «እንዴት አደረች?» አሉ።

«ደህና ናት። ሳሉ ቀለል ብሎላታል።»

«ልጅቷንማ በግድግዳው ሰማሁ እኮ፤ ስትስል አላደረችም። ብልቃጧን ነው የምልሽ።»

መድኃኒቱ እስኪያልቅ በየማለዳው እየመጡ ብልቃጧን ጠይቀው ይመለሱ ነበር። እኔና ባለቤቴ ስቀናል። አስቴር ድናለችና መሳቅ አይከብድም ነበር።

ሰው ሁሉ ምክንያት ይፈልግላቸው ነበር። ልጅ ስላልወለዱ ነው የሚል ነበር። ከትልቅ ቤት አድገው ደህይተው ነው የሚልም ነበር። ከአልዩ አምባ በርበሬ እያመጡ የሚሸጡ ሐጂ መሐመድ የሚባሉ ነጋዴ ግን በልጅነታቸው ያውቋቸው ነበርና ሳቁብን። «ወላሂ፣ አጸደ ድሮም እንዲሁ ነበረች። ውኃ ስትወርድ በማድጋዋ ላይ ጠጠር ጨምራ ነበር የምትመለሰው» አሉን። ከዚያ ወዲህ እኔ ምክንያት መፈለግ ተውኩ።

መፍራቱን ግን አልተውኩም። ግድግዳው አንድ ነው። እሳቸው የሚያነዱት ኩበት ነው፤ በዙሪያው ያለው ወረቀትና ጨርቅ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጭስ በግድግዳው ስንጥቅ ወደ እኔ ቤት ገባ። ልጆቼን ወደ ደጅ አውጥቼ ስሮጥ እትዬ አጸደ የተያያዘውን ክምር በባዶ እጃቸው ሲያጠፉ አገኘኋቸው። ከዘነቡ ጋር ሆነን ብቅል ልታርስበት በቀዳችው ውኃ አጠፋነው። ክንዳቸው ተቃጥሎ ነበር። እሳቸው ግን የሚያዩት የተቃጠለውን ወረቀት ነው።

ወሬው ከዚያ በኋላ ወጣ። ዘነቡ ለቀልድ ያህል፣ በቀበሌ ሱቅ ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ፣ «የጠፋው ስኳር ሁሉ እትዬ አጸደ ቤት ነው ያለው» አለች። ሰልፈኛው ሳቀ። የማይስቅ ሰውም ነበረበት። በሚቀጥለው ስብሰባ ጓድ ተፈራ ተነሥቶ፣ ዕቃ ማከማቸት በአብዮቱ ላይ አሻጥር ነው፤ የዚያች ሴትዮ ቤት ይፈተሽ፣ ቤቱም ለሚገባው ይሰጥ አለ። በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚደርስ አይጠየቅም ነበር።

ወደ ጤና ጣቢያ የሄድኩት ያን ጊዜ ነው። ሲስተር ውድነሽ የተቃጠለ ክንዳቸውን አክማላቸው ስለነበር ታውቃቸዋለች።

«ይህ በሽታ ነው ብዬ አስባለሁ» አለችኝ። «ስሙን አልተማርኩትም። ዕቃ መጣል ይከብድዎታል ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። 'ኧረ የለም፣ ሰኞ እጥለዋለሁ' አሉኝ። ጥያቄ ዋጋ የለውም። አፍ እንዳሻው ይመልሳል፤ እጅ ሲሠራ ነው ማየት።»

ከዚያ የምታደርገውን ነገረችኝ። ከእትዬ አጸደ ቤት ለማንም የማይጠቅሙ አሥር ዕቃዎች እኔ እንድመርጥ፣ እሷ አንድ በአንድ እያነሣች «ይቀመጥ ወይስ ይጣል?» እንደምትል፣ ለመወሰን የሚፈጅባቸውን ጊዜ በሰዓቷ እንደምታይ ነገረችኝ። ጭንቀታቸውን ደግሞ በባቄላ ይለካሉ፤ ምንም ካልጨነቃቸው ባዶ፣ እጅግ ከጨነቃቸው አሥር ባቄላ።

«ዕቃው የራሳቸው ይሁን» አለችኝ። «የሌላ ሰው ዕቃ መጣል ለማንም ቀላል ነው። ጓድ ተፈራን አነጋግሬዋለሁ። ያየሁትን እጽፍለታለሁ፤ በጽሑፌ ይወስናል።»

እኔ «እሺ» ብዬ ወጣሁ። መጠየቅ የነበረብኝን አልጠየቅሁም፤ ለእትዬ አጸደ የሚሻላቸው ቢጥሉ ነው ወይስ ባይጥሉ? እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት። ፈተና ሲባል የማውቀው ያለፈ እንደሚድን፣ የወደቀ እንደሚባረር ነው። ባይጥሉ ዕብድ ናት ብለው ይወስዷቸዋል ወይም ወደ ሩቅ አገር ከሚወሰዱት ሰፋሪዎች ጋር ይጭኗቸዋል ብዬ አመንኩ።

ደግሞም በእኛ አገር የጎረቤት ገመና በባዕድ ፊት አይገለጥም። አንዲት ሴት ትልቅ እንግዳ ሲመጣባት ጎረቤቶቿ ሞሰባቸውን፣ ብርጭቋቸውን፣ አጎዛቸውን በጓሮ ያቀብሏታል። እንግዳው ቤቷ ሙሉ ነው ብሎ ይሄዳል። ዕቃው በጓሮ ይመለሳል። ማንም አያወራም። እኔም ያደረግሁት ይህንኑ ነው። እትዬ አጸደ የሚጣል ዕቃ አልነበራቸውም፤ አበደርኳቸው።

ክዳን የሌለው ማንቆርቆሪያዬን፣ የተሰበረ ማበጠሪያ፣ አንድ እግር የላስቲክ ጫማ፣ የተቀደደ ወንፊት፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋይ፣ እንዲህ እያልኩ ከራሴ ቤት አሥር ዕቃ ለቃቀምኩና በጆንያ ከትቼ ወሰድኩላቸው። አንድ በአንድ አሳየኋቸው።

«እነዚህ የእኔ ናቸው። ነገ ሲስተር ይጣል ወይ ስትል ይጣል ይበሉ። ስንት ባቄላ ስትል ምንም ይበሉ።»

ማበጠሪያውን አገላብጠው አዩት። «ያንቺ ከሆነ አንቺ ለምን አትጥይውም?»

«እትዬ፣ ቤትዎን እንዳይወስዱብዎ ነው።»

«የሰው ዕቃማ ምን ይከብዳል» አሉ። ማበጠሪያውን አስቀመጡና፣ «ግን አንቺ አታዝኚም?» አሉኝ።

«አላዝንም።»

«እንግዲያ እጥልልሻለሁ።»

በማግስቱ ሲስተር ውድነሽ ጆንያውን ከጎኗ አድርጋ ተቀመጠች። ለእትዬ አጸደ አሥር ባቄላ በእጃቸው ሰጠቻቸው። ውርጩ ገና ከጥላው ስር አልለቀቀም ነበር።

«እማማ፣ ይህ ማንቆርቆሪያ ይቀመጥ ወይስ ይጣል?»

«ይጣል።»

ሲስተር ሰዓቷን ለማየት እንኳ አልደረሰችም። «ስንት ባቄላ?»

«ምንም።»

ማበጠሪያው ይጣል ተባለ። ጫማው ይጣል ተባለ። ወንፊቱ ይጣል ተባለ። ዘነቡ ከወዲያ ሆና፣ «እትዬ አጸደን ማን ለወጠብኝ?» አለች። ጓድ ተፈራ ሳቀ። ሲስተር ግን አልሳቀችም። የባትሪ ድንጋዩን ይዛ አንድ ጊዜ እሳቸውን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች።

«ይህን ከየት አገኙት እማማ?»

«ጥያቄ ምን ያደርጋል፣ ሲስተር?» አለ ጓድ ተፈራ። «ይጥላሉ ወይስ አይጥሉም፣ እሱ ነው።»

አሥሩም አለቁ። አንድም ባቄላ ሰሌኑ ላይ አልወረደም። እኔ በልቤ ተመስገን እያልኩ ነበር። ያን ጊዜ ሲስተር ባዶውን ጆንያ አነሣች።

«ይህስ?» አለች።

ጆንያው የእትዬ አጸደ ነበር። ኩበት እንድጭንበት ከወራት በፊት ያዋሱኝ ነው፤ ከቤቴ ብዙ ከመቆየቱ የተነሣ የማን እንደሆነ ረስቼው ነበር። አፉን በገዛ እጃቸው በፈተሉት የሱፍ ክር ጠቅመውታል።

እጃቸው ተዘረጋና ተመለሰ።  ሲስተር ሰዓቷን ማየት ጀመረች። እትዬ አጸደ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ ይጣል ይበሉ በሚል ራሴን ነቀነቅኩላቸው።

«ይጣል» አሉ።

«ስንት ባቄላ፣ እማማ?» ሲስተር ጎንበስ ብላ ነበር። ድምፅዋ የሚለምን ይመስል ነበር። «ይንገሩኝ፤ ስንት ይሁን?»

«ምንም።»

«ነገ ደግሜ ልያቸው» አለች ሲስተር ወደ ጓድ ተፈራ ዞራ።

«አሥራ አንድ ዕቃ ጣሉ እኮ። ጤነኛ ናቸው ብለሽ ጻፊልኝ።»

እትዬ አጸደ ባቄላውን ሊመልሱ ጭብጣቸውን ሲከፍቱ ባቄላዎቹ በመዳፋቸው ላይ ታትመው አየሁ።

ሲስተርን እስከ መንገዱ ሸኘኋት። ከሰው ስንርቅ ቆመች።

«ዕቃው የማን ነበር?»

«የእሳቸው።»

«የእሳቸው ነው?»

«አዎ፣ ሲስተር።»

«እንግዲህ ምን ላድርግ? አልጥልም ቢሉ ኖሮ በሽታ ነው ብዬ እጽፍ ነበር። በሽተኛን አሻጥረኛ አይሉም፤ ቤታቸውንም አይነኩም ነበር። ቀስ እያልን፣ በሳምንት አንድ አንድ እያስጣልን እናቃልለው ነበር። ወደ ተፈራ ጆሮ እንዳይደርስ ፈርቼ ይህን አስቀድሜ አልነገርኩሽም። ጤነኛ ከሆኑ ግን ያከማቹት አውቀው ነው ማለት ነው።»

አፌን መክፈት የነበረብኝ እዚያ ላይ ነበር። የዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ተመልሰን እንሂድ ማለት ነበረብኝ። ልጄ በጀርባዬ ነቅታ ትላወስ ነበር። የመንግሥት ሰው አታለለች ብለው ቢያስሩኝስ፣ ልጆቼን ማን ያያቸዋል አልኩ። «እግዜር ያውቃል፣ ሲስተር» አልኳት። ያልኩት ይህን ብቻ ነው።

ሁለት ቀን አልበላሁም፣ አልተኛሁም። በሦስተኛው ቀን ቆርጬ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ሲስተር ውድነሽ ክትባት ለመስጠት ለሚ ወደምትባል ከተማ ወርዳለች፣ የምትመለሰው ከሳምንት በኋላ ነው አሉኝ። ወደ ሰፈር ስመለስ ከየቤቱ አንድ ሰው ለጽዳት ዘመቻ ይውጣ ተብሎ ሰው ተሰብስቦ ነበር። የሚጸዳው የእትዬ አጸደ ቤት ነበር፤ ከእኛ ቤት የወጣሁት እኔ ነኝ።

ተሸክሜ አወጣሁ። ይህንንም ልደብቀው አልፈልግም። ቅሉን፣ ጣሳውን፣ ብልቃጦቹን በእነዚህ እጆቼ አወጣሁ። ሜዳው ላይ ይከመራል። ጓድ ተፈራ እያንዳንዱን ጆንያ በእንጨት ይፈትሽ ነበር። አንድ ማንኪያ ስኳር አልተገኘም። ሳሙና አልተገኘም። ጨው እንኳ ለአንድ ወጥ የሚበቃ ነበር። እየመሸ ሲሄድ መፈተሹን ተወ፤ ዕቃ ማውጣቱን ግን አላስቆመም።

እትዬ አጸደ አንዱ ዕቃ ሲወጣ እሱን ይከተላሉ። መንገድ ላይ ሌላ የተሸከመ ሰው ሲያገኙ ያንን ትተው ወደዚህኛው ይዞራሉ። ከዚያ ወደ ሌላው። ሁሉንም መከተል አቃታቸው። በመጨረሻ ጓድ ተፈራ ፊት ቆሙ።

«ጣሉ ስትሉኝ ጣልኩ እኮ» አሉት። «ጣልኩ አይደለም እንዴ? እንግዲህ ምን ቀረ?»

«ያን ከጣሉ ታዲያ ይህ ምን ይከብድዎታል?» አላቸው።

 እኔን ሊጠቁሙ ይችሉ ነበር። ያ ዕቃ የእኔ አልነበረም፣ የዚህች ነበር ቢሉ ይበቃ ነበር። አንድ ጊዜ አዩኝ። አልተናገሩም።

ክምሩ በኩበት ተለኮሰ። ቤቱ ታሸገ። እኔ ቤት ይደሩ ብዬ ለመንኳቸው፤ ገብተው ቆመው አደሩ ማለት ይቻላል። መቀመጫ ሳቀርብላቸው ዙሪያውን እያዩ «ምን ላይ ልደገፍ?» ይሉኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። የያዙት ነገር አልነበረም። ደጁ ድረስ ተከተልኳቸው።

«ወዴት ነው፣ እትዬ?»

«ወደ አገሬ።»

ጥቂት ራመድ ብለው ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። ፊታቸው ላይ የቁጣ ምልክት አልነበረም። አንድ ነገር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ፊት ነበር።

«ፈተናውን አልፌው ነበር አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኳቸው። «አልፈውት ነበር።»

ራሳቸውን ነቀነቁና በአንኮበር መንገድ ሄዱ።

በበጋው አንኮበር ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ዘመድ የሚሆናቸው ሰው አላገኘሁም። አንዲት ሴት፣ እንዲህ ያለች መንገደኛ ወደ አልዩ አምባ ቁልቁለቱን ስትወርድ አይቻለሁ አለችኝ። ወረድኩ። ሐጂ መሐመድም አላዩዋቸውም። ከዚያ በኋላ ልጆቼ አንድ በአንድ ታመሙ፣ ዳኑ፣ አደጉ፤ ተመልሼ አልሄድኩም።

ስለዚህ ይህን የምታነቡ ሰዎች እለምናችኋለሁ። ስማቸው አጸደ ነው፤ የክርስትና ስማቸው ወለተ ሥላሴ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ አምስት ነበር። በግራ ቅንድባቸው ላይ የድሮ ጠባሳ አለባቸው። በአንኮበር፣ በአልዩ አምባ፣ በአረርቲም ይሁን በሌላ ቦታ እንዲህ ያሉ ሴት ያሳደረ፣ ያስታመመ ወይም የቀበረ ሰው ካለ፣ የት እንደሆነ ቃል ይላክልኝ። ሌላ የምጠይቀው የለኝም።